ኦሪን የሌሉበት ስብሰባ

መንግሥትን የሚጠረጥር ሰው የሌለበት ከተማ በዓለም ላይ የለም። መንግሥት "እንደምን አደርክ?" ቢለው "ምን ፈልጎ ነው?" ይላል። መንግሥት ደጁ ላይ ዛፍ ቢተክልለት ከሥሩ ምን እንደተቀበረ ለማየት ይቆፍራል። በነፃ የሚታደል ነገር ካለ ወረፋው አጠገብ ቆሞ "የማን ኪስ ተዳብሶ ነው?" እያለ የተሰለፈውን ሁሉ አንገት ያስደፋል። ታውቁታላችሁ። ከጎናችሁ ተቀምጦ ምሳችሁን አቀዝቅዞባችሁ ያውቃል።

በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሻየር ኮረብቶች መካከል ለተሸጎጠችው ለኮርሊስ ከተማ የደረሷት ክቡር አቶ ኦሪን ትሬድዌል ናቸው። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ የሣር ማጨጃና የሞተር መጋዝ እየጠገኑ ይኖራሉ። የከተማው ሰው ሁሉ የእጃቸውን ሥራ ያመሰግናል፣ አፋቸውን ይሸሻል። መሸሽ የማትችለው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እሷም የከተማዋ ጸሐፊ ዶሪን ፔልኪ ናት። ዶሪን ለሃያ ሁለት ዓመት ልደትና ሞት ስትመዘግብ፣ መኪናና ውሻ ስትመዘግብ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ስትይዝ ኖራለች። ኦሪን ደግሞ ለሃያ ሁለት ዓመት ስትመዘግብ ቆመው ሲቃወሟት ኖረዋል።

የውሻውን ነገር ብቻ እንውሰድ። በኮርሊስ ውሻ ያለው ሁሉ በሚያዝያ ወር ፈቃድ ያወጣል። ኦሪንም በሚያዝያ የመጨረሻ ቀን፣ ቢሮው ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ይመጣሉ።

"ውሻዎን ሊያስመዘግቡ ነው?" ትላቸዋለች ዶሪን።

"የትኛውን ውሻ?"

ውሻው እግራቸው ሥር ተጋድሞ ያንኮራፋል።

"ይሄንን።"

"ይሄ የእኔ አይደለም፣ እንግዳዬ ነው። ሲፈልግ ይሄዳል።"

"ስምንት ዓመት ሙሉ ያልሄደ እንግዳ?"

"ተመችቶት ነዋ! ማንም አላስገደደውም። እኔ ቅልጥም እሰጠዋለሁ፣ እሱ ሌሊት ይጮህልኛል፤ ሁለታችንም ደስተኞች ነን። መሐላችን ገብታችሁ ቁጥር ስጡን ብሎ ማን ጠየቃችሁ?"

ከዚያ በኋላ ያለውን ዶሪን በቃሏ ትወጣዋለች። ሰው ከሰው ጋር በፈቃዱ ሲስማማ ሦስተኛ ሰው አያስፈልግም፤ ሦስተኛው ሰው ከመጣ ደግሞ ደሞዝ ሳይቆረጥለት አይመለስም። አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በመጨረሻ ክቡርነታቸው ይከፍላሉ፤ የሚከፍሉት ግን ደረሰኙ ላይ "እየተቃወሙ" ተብሎ ከተጻፈላቸው ነው። ዶሪንም ትጽፋለች፤ ከመከራከር ይቀላል።

አንድ በጋ ደግሞ ከተማው ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ የመጀመሪያውንና ብቸኛውን "ቁም" የሚል የቆርቆሮ ምልክት ተከለ። ኦሪን ታጣፊ ወንበርና ቴርሞስ ይዘው ሦስት ቀን ምልክቱ ሥር ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ላብ አጥምቋቸው ወደ ቢሮው ገቡ።

"ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መኪና አለፈ" አሉ። "የቆመው ሃያ ሁለት ነው። ከሃያ ሁለቱ አሥሩ የቆሙት እኔን 'እዚህ ምን ያደርጋሉ?' ለማለት ነው። እና ሕዝቡ ሕጉን ሽሮታል ማለት ነው። የቀረው ቆርቆሮው ነው።"

"እንግዲያው የሚቆጣጠር ፖሊስ ይቆማላ" አለች ዶሪን ሳታስበው።

ኦሪን ፊታቸው በራ። "አየሽ? አየሽ እንዴት እንደሚጀምር? መጀመሪያ ቆርቆሮ ተከላችሁ። አሁን ቆርቆሮውን የሚጠብቅ ሰው ልትቀጥሩ ነው። ከርሞ ጠባቂውን የሚቆጣጠር ሌላ ይመጣል። ይመዝገብልኝ!"

ዶሪን አንዳንዴ ልታጠምዳቸው ትሞክራለች። "የጡረታ ቼክዎንስ በየወሩ አይቀበሉም?" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ሌባ ኪስሽን አራግፎ ሲወጣ ጥቂት ቢያንጠባጥብልሽ አታነሺም?"

"ይሁን። መንገዱንስ ማን ይሠራዋል?"

ኦሪን ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አርባ ዓመት ሙሉ ይችኑ ጥያቄ" አሉ። መልስ አላቸው፤ ረጅም ነው። እስከ መጨረሻው የሰማው ሰው ግን በኮርሊስ አልተገኘም።

በሰው ገንዘብ አላነብም ብለው የቤተ መጻሕፍት ካርድ አይዙም። ሆኖም በአንድ የጥር ወር የቤተ መጻሕፍቱ ማሞቂያ ሲሞት፣ ማንም ሳይጠራቸው ምድር ቤት ወርደው፣ እስከ ክርናቸው ጥላሸት ለብሰው ጠግነውት ወጡ። ዶሪን ይህን ስትሰማ ነገሩ አልገባትም፤ ምን አስበው ይሆን ብላ እሷም በተራዋ ጠረጠረች። ስትጠይቃቸው፣ "ማሞቂያው ምን አጠፋ? እሱ ግብር አልጣለብኝ" አሏት።

ከሁሉ የከፋው ግን ዓመታዊው የከተማ ስብሰባ ነበር። በመጋቢት ሁለተኛው ማክሰኞ የኮርሊስ ሰው ሁሉ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ፣ በጂሙ ውስጥ ተሰብስቦ፣ አንድ በአንድ አጀንዳ እየተነበበለት እጁን እያወጣ ይወስናል። ኦሪን ከሦስተኛው ረድፍ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣ ከቤታቸው ባመጡት ትራስ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በየአጀንዳው ለመቃወም ይነሳሉ። ለበረዶ መጥረጊያው መኪና ቢላዋ ይነሳሉ። ለመቃብሩ አጥር ይነሳሉ። አንዴ "ስብሰባው ይከፈት" ለሚለው ተነስተው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ለምሳ ያዘጋጁት የአሳማ ሥጋና ባቄላ በመጥበሻው ውስጥ ይደርቃል። ዶሪን የሚሉትን ሁሉ መጻፍ አለባትና ማታ ቤቷ ስትገባ ጣቶቿ አይዘረጉም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አምላኳን ለራሷ ብላ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም ከምሳ በፊት የሚያልቅ ስብሰባ ነው።

በዚህ ዓመት የካቲት መግቢያ ላይ ልመናዋ ተሰማ፤ አሰማሙ ግን እሷ እንዳሰበችው አልነበረም።

ኦሪን የጣሪያቸውን በረዶ ሲጠርጉ ወደቁ። ያገኘቻቸው ሬኔ ቲቦ ናት። ሬኔ ባሏ ወገቡን ተጎድቶ ከእንጨት ፋብሪካው ከወጣ ወዲህ፣ በሞተር መጋዝ ግቢዋ ውስጥ ማገዶ እየቆረጠችና እየፈለጠች፣ በአሮጌ ፒካፕ እየጫነች ቤት ለቤት የምትሸጥ ሴት ናት። የኮርሊስ ግማሹ የሚሞቀው በእሷ እንጨት ነው። የዚያን ቀን ለኦሪን ማገዶ ይዛ ስትደርስ ሰውየው በረዶ ውስጥ ተጋድመዋል።

"አምቡላንስ ልጥራ!" አለች።

"እንዳትጠሪ! የከተማው ነው።"

"ኦሪን፣ እግርዎ እኮ ዞሯል!"

"የራሴ እግር ነው፣ በፈለገው ይዙር!"

ሬኔም ጎረቤት ጠርታ፣ በሳንቃ አንሸራትታ፣ ፒካፑ ላይ ከማገዶው አጠገብ ፍራሽ አንጥፋ አስተኝታ አጎራባች ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ወሰደቻቸው። የዳሌ ስብራት፣ የቀኝ ክንድ ስብራት። ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ ተባለ።

ዶሪን ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥሎ በጣቷ ቀን ቆጠረች፤ ስብሰባው ስድስቱ ሳምንት ውስጥ ይወድቃል። በሐሳቧ አፈረች። ማፈሯ ግን ደስታዋን ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም።

በዚያው ሳምንት የአስተዳደር ቦርዱ ሊቀ መንበር ክሌይ ሆልብሩክ ወደ ቢሮዋ ብቅ አለ። ዘወትር የተላጨ፣ ሲናገር ትከሻ የሚነካ፣ የሁሉንም ሰው ልጆች ስም የሚያውቅ ሰው ነው።

"ኦሪን እንዴት ሆኑ?" አላት።

"ደህና ናቸው። ነርሶቹ ናቸው የታመሙት።"

"ለስብሰባው ይደርሳሉ?"

"በምን እግራቸው?"

"ምስኪን" አለ ክሌይ። ከዚያ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። "አጀንዳው ሳይዘጋ ይችን ጨምሪልኝ፣ ዶሪዬ። ተራ ነገር ናት።"

ዶሪን ተቀብላ ከሌሎቹ ጋር ተየበችው። አጀንዳ አሥራ ዘጠኝ ሆነ።

ማክሰኞ ጠዋት ጂሙ ሞላ። ስብሰባው በሦስት ሰዓት ተከፈተ፤ ሲከፈት የተቃወመ አልነበረም። የበረዶ መጥረጊያው ቢላዋ በሁለት ደቂቃ አለፈ። የመቃብሩ አጥር አለፈ። ጡረታ የወጣ መምህር የሆነው ሰብሳቢ "የሚቃወም አለ?" ሲል፣ ሰው ሁሉ ከልማድ የተነሳ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ይዞራል፤ ባዶ ወንበር ያይና ይስቃል። አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አሥራ ስምንት አጀንዳ አለቀ። ዶሪን እስክሪብቶዋን እያሽከረከረች ትኩስ ባቄላ አሸተተች።

"አጀንዳ አሥራ ዘጠኝ" አለ ሰብሳቢው።

በዚህ ጊዜ ዶሪን ክሌይን አየችው። ክሌይ ለማንበብ ከመነሳቱ በፊት ባዶውን ወንበር ቃኘ። ሌሎቹ ስቀው ነበር፤ እሱ አልሳቀም። በር መቆለፉን አረጋግጦ እንደሚተኛ ሰው አየት አድርጎት ተነሳ።

"ተባይን ለመከላከልና የሕዝብን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል" ብሎ አነበበ፣ "በኮርሊስ ውስጥ ማገዶ የሚሸጥ ማንኛውም ሰው ከአስተዳደሩ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ እንጨቱንም በታወቀ የማድረቂያ ምድጃ ብቻ አድርቆ እንዲሸጥ። እንደምታውቁት አሽ የሚባሉትን ዛፎቻችንን በእንጨት ውስጥ ተጭኖ የሚዛመት ጢንዚዛ እየጨረሰብን ነው፤ የሚገድለው ሙቀት ነው። ተራ ነገር ነው፤ እናሳልፈው።"

"ደገፍኩ" አለ አንዱ ከግራ፣ አፉ ውስጥ ዶናት እንዳለ።

"የሚቃወም?"

ዶሪን አጀንዳውን እንደገና አየችው። ይህን ዓረፍተ ነገር ራሷ ናት የተየበችው፤ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር ያስገባችው እሷ ናት። ስትተይብ ምንም አልታያትም ነበር። አሁን ግን "ምስኪን" የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ አቃጨለ፤ ከቃሉ ቀጥሎ ከኪስ የወጣው ወረቀትም ታያት። ቀና ብላ ሰዉን ተመለከተች። አንድ ሰው ይነሳል ብላ ጠበቀች። አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ አንዷ ካፖርቷን ትለብሳለች። ሬኔ ቲቦ ከኋላ በር አጠገብ ቆማለች፤ አሁን መግባቷ ነው፣ ጓንቷ ላይ ሰጋቱራ አለ፤ የተነበበውን አልሰማችም።

"እንግዲህ የሚቃወም ከሌለ—"

"ጥያቄ አለኝ" አለች ዶሪን።

ሰብሳቢው ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አዳራሹን በሙሉ ፈለገ። መጨረሻ ላይ አጠገቡ አገኛት። ቆማለች።

"ዶሪን፣ አንቺ እኮ ጸሐፊ ነሽ።"

"አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ ኖሬአለሁ። ዛሬ አንድ ነገር ልጠይቅ።" ጠረጴዛውን ያዘች። "ክሌይ፣ እንዲህ ያለ ማድረቂያ በከተማችን ስንት አለ?"

"ለጊዜው... አንድ።"

"የማን ነው?"

"እሱ ከጢንዚዛው ጋር ምን አገናኘው?"

"የሚስትህ ወንድም ነው!" አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ ጂሙም በሳቅ ተናጋ።

ክሌይ ፊቱ ቀላ። "ጢንዚዛው ውሸት ነው ልትሉኝ ነው? እዚህ አሽ ዛፍ ያልሞተበት ማን ነው?"

እውነቱን ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ዶሪንም ደጇ ላይ ሁለት ደርቀውባታል።

"ጢንዚዛው አለ" አለች። "የእኔንም ዛፍ በልቷል። ግን ሰው የገዛ ግቢውን አሽ ቆርጦ ቢያነድ ደንብህ አይከለክለውም። የሚከለክለው መሸጥን ነው። ጢንዚዛው የሚሸጠውን እንጨት ከሚነደው በምን ይለየዋል?"

ሬኔ ከበሩ ወደ ፊት መጣች። "ይቅርታ... ይሄ ነገር እኔን ይመለከታል?"

"አንቺን ብቻ ነው የሚመለከተው፣ የእኔ ልጅ" አሉ አንዲት አሮጊት ከፊተኛው ረድፍ። "አንቺን ነው።"

"ግማሻችሁ ከእኔ ነው የምትገዙት" አለች ሬኔ። አልጮኸችም። "ለምን አልነገራችሁኝም?"

ማንም አስቀድሞ አላነበበውማ። ካፖርቷን የለበሰችው ሴትዮ ቀስ ብላ አወለቀች። ከዚያ አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ተነሳ። ክርክሩ እስከ ስምንት ሰዓት ቆየ። ባቄላው ደረቀ። እጅ ሲቆጠር አርባ ስምንት ደገፉ፣ ሰባ አንድ ተቃወሙ፤ አጀንዳ አሥራ ዘጠኝ ወደቀ። ዶሪን ሁሉንም፣ የራሷንም ንግግር ጭምር፣ በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረች።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ነዳች። ደስ ብሏት ነበር። መንገድ ላይ ኦሪን የሚሏትን ሁሉ አስባ ጨርሳለች፤ ምናልባትም ዓይናቸው እንባ ያቀርር ይሆናል ብላለች።

ክቡርነታቸው ከወገባቸው በታች በትራስ ታጭቀው፣ ቀኝ እጃቸው በጄሶ ደርቆ፣ እራት የቀረበበትን ሰሐን ይመረምሩ ነበር።

"ይህን ጄሊ የሚሉትን የሚርገበገብ ጣፋጭ ማን እንዳዘዘው ማንም ሊነግረኝ አልቻለም" አሏት በሰላምታ ፈንታ።

ዶሪን ካፖርቷን ሳታወልቅ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። ስለ ክሌይ ወረቀት፣ ስለ ማድረቂያው፣ ስለ ሬኔ፣ ስለ ድምፁ ቆጠራ። ኦሪን ሳያቋርጡ አዳመጡ፤ ይህ በራሱ ተሰምቶ አያውቅም።

"ሰባ አንድ?" አሉ።

"ሰባ አንድ።"

"የት ሆነሽ ነው የተናገርሽው?"

"እንዴት የት?"

"ከጠረጴዛው ኋላ ነው፣ ወይስ ወጥተሽ ከሰው ጋር ቆመሽ?"

"ከጠረጴዛው ኋላ... ከቦታዬ።"

ኦሪን ዓይናቸውን ወደ እሷ አዞሩ። "ያ ጠረጴዛ የመንግሥት ነው" አሉ። "እዚያ ስትቀመጪ ዶሪን አይደለሽም፣ ጸሐፊዋ ነሽ። ለመናገር ከፈለግሽ እስክሪብቶሽን አስቀምጠሽ፣ ዞረሽ ወጥተሽ፣ እንደ ማንኛችንም ወንበር ስበሽ ነው።"

"ኦሪን! የሬኔን እንጀራ ነው ያዳንኩት!"

"አድነሻል። መጥፎውም እኮ እሱ ነው። ሰው ሥልጣኑን ከልኩ ማሳለፍ የሚለማመደው በጥሩ ነገር ነው። ማንም በክፉው አይጀምርም። ቅሬታ አቀርባለሁ።"

"በእኔ ላይ?"

"ታዲያ በማን ላይ? እጄ አይሠራም። ወረቀት አለሽ?"

ዶሪን አፏን ከፍታ አየቻቸው። በሩን በላያቸው ዘግታ ለመውጣት አሰበች። ከዚያ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ወንበር ሳበች።

"ለኮርሊስ አስተዳደር ቦርድ" አሉ ኦሪን ጉሮሯቸውን ጠርገው። "እኔ ኦሪን ትሬድዌል፣ የከተማዋ ጸሐፊ ዶሪን ፔልኪ በስብሰባ ላይ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ—"

"ተነስቻለሁ።"

"ከጠረጴዛው ኋላ ሳትወጣ፣ በይ። ሳትወጣ የግል ሐሳቧን በመናገሯ፣ ይህም ለወደፊቱ መጥፎ ልማድ ስለሚሆን፣ በጽሑፍ እንድትገሠጽ እጠይቃለሁ። ጻፍሽ?"

"'እንድትገሠጽ' ላይ ነኝ።"

"ጨምሪበት። ጥያቄዋ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ እኔ ብኖርም ከዚያ የተሻለ አልጠይቅም ነበር።"

ዶሪን ይህንንም ጽፋ አቆመች። ቀና ስትል ኦሪን በመስኮቱ በኩል የመኪና ማቆሚያውን እያዩ ነበር።

"አይ፣ ተይው፣ ሰርዢው" አሉ ወዲያው። "ቅሬታ ውስጥ ምስጋና አይገባም። ሰረዝሽው?"

"ሰረዝኩት" አለች እስክሪብቶዋን እየከደነች።

"አሳዪኝ።"

ዶሪን ወረቀቱን አጥፋ ግራ እጃቸው ሥር ያዘችላቸው፤ የፊርማው ቦታ ብቻ ነው የሚታየው። እየተንጠራሩ፣ በጥርጣሬ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ሸረሪት እግር የተንጨባረረ ፊርማ አኖሩበት። እሷም ቶሎ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"አሳዪኝ አልኩሽ!"

"ገቢ ሆኗል፤ ከእንግዲህ የሕዝብ ሰነድ ነው" አለች ካፖርቷን እየቆለፈች። "ማየት ከፈለጉ ሲድኑ ቢሮ መጥተው ማየት ይችላሉ።"

"እመጣለሁ!" ብለው ከአልጋው ዛቱባት። "እንዳልመጣ እንዳይመስልሽ!"

ዶሪን በሩ ላይ ቆም ብላ ጄሊውን አየች፤ እሳቸውንም አየች፤ በጣም ከስተዋል።

"በእግርዎ ይምጡ እንጂ" አለች። "ያኔ አሳይዎታለሁ።"